ሁሉም በእኔ ስም

ሰኞ 4

ዛሬ ተሸጥን። «ተሸጥን» ማለቴም ጉራ ነው፤ እኛን ማን ይገዛናል! የተሸጠው የሕክምና መዝገብ ፕሮግራሙን የሚሠራው ድርጅት ነው። እኛ ከእሱ ወስደን ለትንንሽ ክሊኒኮች የምንሸጥ፣ የምንገጥም፣ ሲበላሽ የምንሮጥ ነን። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል። ወሬውን እንደማንኛውም ሰው ከስልኬ ላይ ነው ያነበብኩት፤ ቢሮ ሳይከፈት፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ። ገዢው ያ ትልቁ ኩባንያ ነው። ፎቶው ላይ ሁለቱ ሥራ አስኪያጆች ተጨባብጠው ይስቃሉ።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። ሲጋቡም ያው ነው።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን ደብተር የጀመርኩት ምናልባት ነገ ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ማክሰኞ 5

አልተሰማኝም።

ሐሙስ 7

ፕሮግራሙን ከሚሠሩት ጋር ሁልጊዜ የሚያገናኘኝ የሽያጭ ኃላፊ ደወለ። «እንኳን ደስ አለህ በለኝ» አለኝ። ምክንያቱን ሳልጠይቅ አልኩት። ትልቁ ኩባንያ እሱን ከነዕድገቱ ወስዶታል። «እኛስ?» ስለው «አይዞህ፣ ለአጋሮችም የሚሆን ነገር እየተዘጋጀ ነው» አለኝ። አይዞህ የሚባል የታመመ ሰው ነው። እኔ ምን ሆንኩና ነው?

ስልኩን ስዘጋ ሽቦ ቀና ብላ አየችኝ። ሽቦ ቴክኒሻኔ ናት። ቅጥነቷን አይተን ያወጣንላት ስም ነው፤ ራሷም ለምዳው ስልክ ስታነሳ «ሽቦ ነኝ» ትላለች። ቢሮው ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

«ጋሼ፣ ለደንበኞቹ አንድ ነገር ብንነግራቸው አይሻልም?»

«ምን ብለን? እጅ እግር የሌለው ወሬ ይዘን?»

ልክ ነኝ እኮ። እስካሁን የምናውቀው ነገር የለም።

ቅዳሜ 9

ሲስተር ደወሉ። ሲስተር የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናቸው። ከሆስፒታል ጡረታ ሲወጡ ሁለት ክፍል ተከራይተው ክትትል የሚደረግበት ክሊኒክ ከፈቱ፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እርጉዞች። ማን የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው፣ ማን መቼ ምን እንደወሰደ፣ ሁሉም በእኛ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ሰው አላመነኝም ነበር ያኔ። እሳቸው ናቸው ለጓደኞቻቸው እየደወሉ «ይህን ልጅ አስገቡት» ያሉልኝ።

«ልጄ፣ ዜና ላይ ያየሁት የእኛው ፕሮግራም ነው እንዴ?»

«አዎ ሲስተር። እኛን አይነካንም።»

«እንግዲህ አንተ ካለህ እኔን ምን አሳሰበኝ» ብለው ዘጉት።

አይነካንም ያልኩት ከየት አምጥቼ እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ 20

ደብዳቤው መጣ። ሦስት መስመር ነው። የአጋርነት መለያችሁ በሚቀጥለው ወር 30 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። በራሳቸው ስም የተመዘገቡ ደንበኞች ከዚያ በኋላ በቀጥታ በእኛ ይስተናገዳሉ። ስለ ነበረን ግንኙነት እናመሰግናለን።

በራሳቸው ስም የተመዘገቡ።

ይህን እዚህ በግልጽ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ የምጽፈው አይመስለኝም። አርባ አንድ ደንበኞች አሉኝ። በራሱ ስም የተመዘገበ አንድም የለም። አርባ አንዱም በእኔ ስም፣ በእኔ ኢሜይል ነው የተመዘገቡት። ለእያንዳንዱ ፕሮግራሙን ስከፍት «ጣጣውን ለእኔ ተዉት፣ እድሳቱንም የይለፍ ቃሉንም እኔ እይዘዋለሁ» እላለሁ፤ ደስ ይላቸዋል። ሐኪም ይህን ሁሉ ለማስታወስ ጊዜ የለውም። እውነት ነው፣ አገልግሎት ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረው። በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት እንደኔው የሚሸጥ አንድ ወዳጄ ደንበኞቹን አንድ በአንድ በራሳቸው ስም አስመዘገበ። ሠሪዎቹ አድራሻቸውን አገኙና በቀጥታ እየደወሉ ወሰዱበት። ወዳጄ አሁን ሞባይል ይጠግናል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ሁሉንም በብብቴ ያዝኩ።

እንግዲህ መለያዬ ሲዘጋ አርባ አንዱም ይዘጋሉ። በዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሲስተር ማሽኑን ሲከፍቱ ባዶ ነው። መረጃው አይጠፋም ይላሉ፤ ግን ማመልከቻ፣ ማረጋገጫ፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም። የስኳር በሽተኛ ሳምንታት አይጠብቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የማዛወሪያ ቅጽ አለ። ደንበኛው ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ፣ የራሱን ኢሜይል ይሰጣል፤ እኛ ከመለያችን እንፈቅዳለን፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ የትልቁ ኩባንያ ነው። እኔን አያውቀኝም፣ አላውቀውም።

ሽቦ ደብዳቤውን በትከሻዬ አሻግራ አነበበችው። «አርባ ቀን አለን፣ ይበቃል» አለች።

«ቆይ እስቲ፣ ላስብበት» አልኳት።

እሑድ 24

ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ነገር ሲደበቅ ከአንገቴ አቀማመጥ ታውቃለች። ምሳ ላይ ነገርኳት። የሰማችኝ ተማሪዋን እንደምትሰማ ነው፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ።

«ታዲያ ንገራቸዋ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሌላ ፕሮግራም ላገኝላቸው እየሞከርኩ ነው። ባዶ እጄን ሄጄ ላስደነግጣቸው?»

«እነሱ እንዳይደነግጡ ነው?» አለችና ሳህኑን አነሳች። ድምፅዋ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም። ለምን እንደከነከነኝ አላውቅም።

ሐሙስ 28

የሌላ ሠሪ ፕሮግራም አየሁ። የሚያምር ነገር ነው፣ ቀለሙ ደስ ይላል። ለአከፋፋይም ቦታ አላቸው። ደንበኞቼን ይዤ ብሻገርላቸው አርባ አንዱም የእኔ እንደሆኑ ይቀጥላሉ። «የድሮውን መዝገብ ይቀበላል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሰውዬው ትንሽ አሰበና «ወደፊት» አለ። ወደፊት መቼ ነው ስለው «በሚቀጥለው ዓመት እየታሰበ ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ። ወተቷንም አላይ።

ቢሆንም በራሪ ወረቀቱን ተቀብዬ መጣሁ።

ሰኞ 2፣ አዲሱ ወር

ሽቦ፦ «ጋሼ፣ ዝርዝሩን ክፍት አድርጌልዎታለሁ። ከማን እንጀምር?»

እኔ፦ «የዚያን ፕሮግራም መልስ ልጠብቅ።»



ረቡዕ 4

ጠዋት መኪና ውስጥ። ቢሮው ክፍት ነው፣ ሽቦ መብራት አብርታለች። አልወጣሁም፣ ሃያ ደቂቃ።

ለደንበኞቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ እንደምታውቁት» ብዬ ጀመርኩ። አያውቁም እኮ። ሰረዝኩት። «ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ» ብዬ ጀመርኩ። ይሄ የእድር ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። እሱንም ሰረዝኩ።

ቅዳሜ 7

ሽቦ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠየቀች። በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሥራ እየፈለገች ይሆናል። አልፈርድባትም። የምትሰምጥ ጀልባ ላይ ቁጭ በይ አይባልም። ቢሆንም ብትነግረኝ ምን አለበት? ሰው ዝም ብሎ ጀርባ ሲያዞር ደስ አይልም።

ማክሰኞ 10

ባለቤቴ መንገድ ላይ የመነጽር ሐኪሙን አግኝታዋለች፤ ደንበኛዬ ነው። «ሰላም በይልኝ፣ በርታ በይልኝ» ብሏታል።

«ምን ሆነህ ነው በርታ የሚልህ?» አለችኝ።

«እንዲሁ ነዋ። ሰው ሰውን በርታ ይላል።»

«እሺ» አለች። ከዚያ «ሰሞኑን ቤት ውስጥ ትዞራለህ እንጂ የለህም» አለች። አለሁ አልኳት። ምን ይባላል ሌላ?

ሐሙስ 12

ጥርሴን አስነቀልኩ። የጥርስ ሐኪሙም ደንበኛዬ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥመኝ እሱ ጋ ነው የምሄደው። እግረ መንገዴን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። አፌ ውስጥ ሁለት እጅና አንድ ቱቦ ገብቶ ምን እነግራለሁ?

ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ ሳለሁ የእንግዳ መቀበያዋ ሴት ከበሩ ወዲያ ቀስ ብላ «አሁንም ምንም አላለንም እኮ» ስትል ሰማሁ። ሐኪሙም «ተዪው፣ ጊዜ ስጪው» አላት። ስለ ራጅ ማሽኑ ጠጋኝ ይመስለኛል የሚያወሩት። እሱም ሰው ያጉላላል።

ስጨርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለኝ። በማደንዘዣ በተያዘ ከንፈር «የለም» ለማለት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ!

ከንፈሬ እስከ አመሻሽ አልተመለሰም። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ ብዙም አልታወቀኝም።

ሰኞ 16

አሥራ አራት ቀን ቀረ። ሽቦ ዛሬ ምንም አልጠየቀችኝም። ድሮ ጠዋት ጠዋት «ዝርዝሩን ይክፈቱት ጋሼ» ትለኝ ነበር። ያም ቀረ። ዝርዝሩን እኔም አልከፈትኩትም። ከፍቼ ምን አያለሁ? አርባ አንድ ስም በቃሌ አውቃለሁ።

ረቡዕ 18

ሲስተር ጋ ሄድኩ፤ ቆርጬ ነበር። ደረጃውን ስወጣ የምናገረውን ለራሴ እየደገምኩ ነበር። በሩን ስገፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አራት ሰው፤ ሲስተር አንዲት ነፍሰ ጡር ክንድ ላይ የግፊት መለኪያ ጠቅልለዋል። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ና ልጄ። ምን እግር ጣለህ?»

«ማተሚያውን ላየው ብዬ ነው ሲስተር።»

ማተሚያው ምንም አልሆነም። ፈታሁት፣ ጠረግኩት፣ ገጠምኩት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሲስተር ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠብቀው አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይሠሩ። እንዲያ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ሌላ የመጣህበት ጉዳይ የለም?»

«የለም። ማተሚያው ብቻ ነው።»

«እሺ» አሉ። ተነሱና የሚቀጥለውን ሰው ጠሩ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ራሴን ሰደብኩ። አይ የኔ ነገር! ሰው አርባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ከማተሚያ ጀርባ ይደበቃል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ ሆዴማ ያውቃል። ግን ስድቡም እንደ ሌላ ሰው ስድብ ነው የሆነብኝ፣ አላመመኝም።

ሰኞ 23

የዚያ ፕሮግራም ሰውዬ መለሰ። የድሮ መዝገብ አይቀበሉም፤ በሚቀጥለውም ዓመት አይቀበሉም። በቃ፣ ያቺ ላምም ሞተች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እስካሁን አልጣልኩም ግን። ሰባት ቀን አለ።

አርብ 27

መጻፍ አለብኝ፣ በሙሉ።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሽቦ ወጥታ ሳለ ዝርዝሩን ከፈትኩት። እጄ ራሱ ከፈተው ማለት ይቀላል። አርባ አንድ መስመር። ከጎናቸው አንድ ቃል ተጽፎ አየሁ። ተዛውሯል። ተዛውሯል። ተዛውሯል። ወደ ታች ወረድኩ፣ ያው ነው። የጥርስ ሐኪሙ፣ ተዛውሯል፣ ወር በገባ በ5። የመነጽር ሐኪሙ፣ በ6። መጀመሪያ የመሰለኝ ትልቁ ኩባንያ ሰርቆኝ ነው። ከዚያ የፈቀደው መለያ የራሳችን መሆኑን አየሁ። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን።

ሽቦ ስትመለስ ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«አርባ ቦታ ሄድኩ። አርባ ጊዜ ‹እሱ ያውቃል ወይ?› ብለው ጠየቁኝ። አዎ ያውቃል አልኩ።»

«ዋሸሻቸው ማለት ነው።»

«ምን ዋሸሁ? እርስዎ ያውቃሉ እኮ። ቀኑንም ያውቃሉ፣ ቅጹንም ያውቃሉ።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ልጠብቅዎት አስቤ ነበር። አንዱ ክሊኒክ እናቶችን የሚያዋልድ ነው ጋሼ። መጠበቅ አልቻልኩም።»

ልቆጣ ፈለግኩ። እንዴት እንደሚቆጡ ጠፋኝ። ወንበሩን አሳየኋት፣ ተቀመጠች። «ሁሉም ያውቁ ነበር?» አልኳት።

«ሁሉም። ‹ራሱ እስኪነግረን ምንም አንለውም› አሉኝ። እርስዎ እንዳያፍሩ ብለው ነው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ቆጠርኩ። በርታ ያለኝን። ትከሻዬን መታ መታ ያደረገኝን። እና እኔ የራጅ ማሽን ጠጋኝ ብዬ! ጆሮዬ ጋለ። እንግዲህ ይሄ ይመስለኛል ስሜት የሚባለው፤ ከመጣ አይቀር በእፍረት መጣ።

ከዚያ እንደገና ቆጠርኩ። አርባ። አንዱ መስመር ባዶ ነው።

«ሲስተር ናቸው» አለች ሽቦ። «ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አልፈረሙም። ‹በር አንኳኩቶ ያስገባኝ እሱ ነው፣ የሚያስወጣኝም እሱ ራሱ ይንገረኝ› አሉ። ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ። ያውቁታል።»

ቅዳሜ 28

ሄድኩ። መጠበቂያው ሞልቷል። ከታች ተመለስኩ።

ውሸት። ከታች ስለነበርኩ መሙላቱን አላየሁም።

እሑድ 29

ክሊኒኩ ዝግ ነው። ባለቤቴ ሸሚዜን ተኩሳ ወንበር ላይ አንጠለጠለችው። «ለነገ» አለች።

ፈርቼ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እነሱ እንዳይደነግጡ ብዬ አይደለም፣ እነሱ ከሄዱ እኔ ምን እንደምሆን ስለማላውቅ ነው። ይህን ለመጻፍ ስምንት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሰኞ 30

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተር በር ላይ ነበርኩ። ገና እየከፈቱ ነበር። ቁልፉን ተቀብዬ ከፈትኩላቸው። ገብተው ነጭ ጋውናቸውን ለበሱ፣ ወንበር አሳዩኝ፣ እሳቸውም ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ሲስተር፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ማሽንዎ ይዘጋል። ምዝገባው በእኔ ስም ስለሆነ ነው። በእኔ ስም ያደረግኩት ማንም እንዳይወስድብኝ ብዬ ነው። ከአርባ ቀን በፊት አውቄ ዝም አልኩዎት።»

አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ክፉ ወሬ እንዲህ ነው የሚነገር። ቁጭ ብለህ፣ ዓይን እያየህ፣ ቶሎ። እኔ ስንቱን ሰው ነግሬያለሁ መሰለህ። የሚያቆስለው ወሬው አይደለም ልጄ፣ በር ላይ መቆሙ ነው።» እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ። «አምጣው።»

ፈረሙ። ማኅተሙን እፍ ብለውበት መቱ። ኢሜይል አልነበራቸውም፤ ከፈትኩላቸው። ከስልኬ ላይ ፈቀድኩ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተዛውሯል አለ። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ታካሚ፣ አንድም ሳይጎድል።

«ሲስተር፣ ባልመጣስ? እንዴት እስከ መጨረሻው ቀን ጠበቁ? ሰዎቹስ?»

ተነስተው የመርፌ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ያለውን መጋረጃ ገለጡት። ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ደብተሮች ተደርድረዋል፣ አሥራ ሰባት። የላይኛውን ገለጥኩት። በእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊና በቀይ። ስም፣ ዕድሜ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ የመጨረሻው የግፊትና የስኳር ልክ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ። የማይስማማው በቀይ ነው። ሦስት መቶ አርባ ሁለቱም።

«ሽቦ ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ነው» አሉ። «ይመጣል ብዬ ጠበቅኩህ። ካልመጣስ ብዬ ደግሞ ጻፍኩ። አንተን ማመን ሌላ፣ የሰው ነፍስ ሌላ።»

አሥራ ሰባት ደብተር፣ እኔ ማተሚያ ስጠርግ። አለቀስኩ፤ አዎ፣ እዚያው ቆሜ። አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ መጥተው ተቀምጠው ነበር፣ መርፌ የተወጋሁ መስሏቸው «አይዞህ፣ አሁን ይለቅሃል» አሉኝ።

ፊቴን ጠረግኩ። «እንግዲህ ሁሉም ማሽኑ ውስጥ አለ ሲስተር፣ በስምዎ ነው። እነዚህ አያስፈልጉም፣ ልውሰድልዎትና ላስወግዳቸው።»

ሲስተር ደብተሩን ከእጄ ወሰዱ። አቧራ ባይኖረውም በእጃቸው ጠረጉት።

«ደብተሮቹ ይቀመጡ» አሉ። «ከእንግዲህ ደግሞ አንተ የለህም።»

ቁም ሳጥኑን ከፍተው ቦታ አሳዩኝ። እያቀበሉኝ አንድ በአንድ ደረደርኩላቸው።